ለመጪው ክረምት የሚነደው እንጨት በዚህ ጥቅምት ይቆረጣል
በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለሚኖሩ ባለይዞታ አርሶ አደሮችና ቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

መስቀል አልፏል፤ ዝናቡም ወደ ማብቃቱ ነው። አጨዳው እስኪደርስ ባለችው በዚህች ጥቂት ፋታ ስለ ማገዶ ለመነጋገር መሰብሰባችን ወቅቱን የጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የምናገረው ነገር የሚሠራው ከጥቅምት ጀምሮ ከተያዘ ብቻ ነው። በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ እሳቱ እንቢ ሲል የሚነሣ የማገዶ ወሬ ለዚያ ዓመት ምንም አይፈይድም።

ስለ ማገዶ በተሰበሰብን ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ችግኝ ነው፤ ስንት ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱን ከብት በላው እንባባላለን። ይህ አስፈላጊ ነው፤ እኔም በሙያዬ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው በዚሁ ነው። ነገር ግን ዛፉ ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ ምድጃ ውስጥ እስከሚገባበት ቀን ድረስ ስላለው ጊዜ የሚናገር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ጊዜ ነው። በይዞታችን ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ አሁን ከሚሰጠን ይልቅ ብዙ ሊሰጠን ይችላል፤ የማይሰጠንም ዛሬ ቆርጠን ነገ ስለምናነደው ነው። እንጨቱን አንድ በጋ ሙሉ ማድረቅ ተጨማሪ መሬት አይጠይቅም፤ ተጨማሪ ችግኝም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከአንድ ዓመት በፊት ማሰብን ብቻ ነው።

ሀገራችን በማገዶ እጦት የተፈተነችው ዛሬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ባሕር ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ወይም በ1895 አካባቢ ወደ ሀገር ገብቶ በከተማዋ ዙሪያ ባይስፋፋ ኖሮ፣ መዲናችን ዛሬ ባለችበት ቦታ መቅረቷ ያጠራጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጩ ባሕር ዛፍ ወደ እኛ ደጋ ወጥቶ፣ በየይዞታችን ጥግና በየገደሉ አፋፍ ቆሞ፣ አጣናውም ማገሩም ማገዶውም እሱ ሆነ።

የእኛ ደጋ ደግሞ እሳትን አብዝቶ የሚፈልግ ሀገር ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ምድር ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላውና አተሩ ቆላ ላይ ከሚበስልበት ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት ምድጃ ላይ የሚቆየው ስለዚህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ልብስ እንኳ በእሳት ካልሆነ አይደርቅም። እንዲህ ባለ ሀገር የሚኖር ሰው የማገዶውን ጥራት እንደ እህሉ ጥራት ሊመለከተው ይገባል።

አሁን ጉዳዩን በቁጥር ላስረዳ። ዛሬ ጠዋት ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ 100 ኪሎ እንጨት ብንወስድ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ማለት 50 ኪሎ እንጨትና 50 ኪሎ ውሃ ይዘናል። ይኸው እንጨት ተፈልጦና ተደርድሮ ነፋስ ሲመታው ከርሞ የውሃው ድርሻ ከመቶ ወደ 20 ሲወርድ፣ ክብደቱ 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል። 37 ኪሎ ተኩሉን ውሃ ማንም ሳይሸከመው ነፋስ ወስዶታል። እንጨቱ ከቆመበት እስከ ቤት ድረስ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ የሚጓዝ ከሆነ፣ እዚያው ተቆርጦ እዚያው የደረቀ እንጨት ከመቶ 37 ያህል ሸክም ያቀልላል ማለት ነው። ይህ ብቻውን እንኳ ለማድረቅ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ።

ወደ እሳቱ ስንመጣ፣ ፍጹም የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት፣ ሙቀት በሚለካበት በሜጋጁል ሲቆጠር፣ 18 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ ውሃን አሙቆ፣ አፍልቶ፣ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ 2.6 ሜጋጁል ያህል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እርጥብ እንጨት ግማሽ ኃይሉን ውሃውን በማትነን ይጨርሳል ሲል እሰማለሁ። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይደለም። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ 50 ኪሎው እንጨት 900 ሜጋጁል ይሰጣል፤ 50 ኪሎውን ውሃ ማትነን 130 ሜጋጁል ይወስዳል። ይህም ከሰባት አንድ እጅ ያህል ነው። እንጨቱ ደርቆ ቢሆን ኖሮ ለዚሁ ሥራ የሚጠፋው 33 ሜጋጁል ያህል ብቻ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ዋናው ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነው።

እንጨት ሲሞቅ ነበልባል ሆኖ የሚነደው ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ፍም የሚሆነው የቀረው ክፍል ነው። ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በዚህ ጋዝ ውስጥ አለ። ጋዙ ተቀጣጥሎ እንዲያልቅ ብርቱ ሙቀት ይፈልጋል። እንጨቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ግን ያ እርጥብ ክፍል ከመፍላት ሙቀት ብዙም አልፎ አይሄድም፤ ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ ጋዙም ሳይነድ ያመልጣል። በቤታችን ጣራ ሥር ተጠቅልሎ ዓይን የሚያነባው፣ ግድግዳውን በጥቀርሻ የሚለብጠው ጭስ ይህ ነው። ጭሱ ያልነደደ ማገዶ ነው፤ የእሱን ያህል እንጨት ቆርጠን፣ ተሸክመን፣ ፈልጠን በጣራ በኩል አስወጥተነዋል። አባቶቻችን ከደረቅ ጋር እርጥብም ይነዳል ብለዋል፤ እውነት ነው፣ ይነዳል። የሚነደው ግን የደረቁን ሙቀት እየበላ ነው።

ይህ ጭስ ሰው የሚጎዳ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከእኛ ስሜት በላይ ይናገራልና ልጥቀሰው። ድርጅቱ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና መሰል ነገር በሚወጣ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ መካከል ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በእኛ ቤት እንጨቱ መቼ እንደሚቆረጥ የሚወስነው አባወራው ነው፤ ጭሱን የምትውጠው እናት ናት፤ በጀርባዋ ያለው ሕፃንም አብሯት ይውጣል። አባቶች ሆይ፣ ጠንከር አድርጌ ብናገር አትቀየሙኝ፤ ምሳሩን የያዘው እጅ ከምድጃው አጠገብ አለመቀመጡ ለዚህ ችግር ትልቁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመቁረጫውን ጊዜ ባልና ሚስት አብረው እንዲወስኑት እለምናለሁ።

ከይዞታችን የምንሰበስበው ማገዶ ሁሉ ዛፍ ከመጣል መጀመር የለበትም። ከጉቶ ከሚያቆጠቁጠው መካከል ተመርጦ የሚነሣው ቀጭን እንጨት፣ ነፋስ የሰበረው ቅርንጫፍ፣ ቆሞ የደረቀ አጣና፣ ትሬሉሰርን ከሚባለው የመኖ ዛፍ አጥር የሚከረከመው ሁሉ አስቀድሞ ይሰብሰብ። ቅጠሉን በተመለከተ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በፍጥነት ነበልባል ያወጣል፤ ለምጣድ ይመቻል፤ ስለዚህም ልጆች ከዛፉ ሥር እስከ አፈሩ ድረስ እየጠረጉ ያነሡታል። የተጠረገ ተዳፋት የክረምቱን ጎርፍ የሚያዘገይ ነገር የለውም። ቢያንስ ተዳፋት በሆነው ክፍል ላይ ቅጠሉ እንዳይነሣ ብንስማማ፣ አፈሩም የዛፉም ዕድገት ይጠበቃል።

ባሕር ዛፉን የምንቆርጥበት ጊዜ በዚህ ደጋ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጉዳይ ነው፤ ለማድረቅ የሚመቸው ወቅትና ለጉቶው የሚመቸው ወቅት ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና። ለማድረቅ ከሆነ ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ አየርና ፀሐይ በሙሉ ለእንጨቱ ይሆናል። ነገር ግን በጥቅምት የተቆረጠ ጉቶ ለጋ ቀንበጥ በሚያወጣበት ጊዜ ውርጩ ይደርስበታል፤ የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቀንበጥ ደግሞ ውርጭ አይችልም። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ውርጩ የሚከፋው በሜዳውና በሸለቆው ወለል ላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ዛፋችሁ ያለው በተዳፋት ላይ ከሆነ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ቁረጡ፤ በሜዳ ላይ ከሆነ ግን ውርጩ እስኪያልፍ እስከ የካቲት ታገሡና ቁረጡ። በየካቲት የተቆረጠው እስከ ሰኔ አራት ወር ያህል ብቻ ስለሚያገኝ አሳንሳችሁ ፍለጡት። ሁለት ዓይነት ቦታ ያለው ሰው ዘንድሮ ከተዳፋቱ ይጀምር።

ጉቶው የነገው ዛፍ ነውና አቆራረጡን አናቃልል። ከመሬት 10 ወይም 12 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በትንሹ ዘንበል ተደርጎ፣ ቢቻል በመጋዝ ይቆረጥ። ምሳር ጉቶውን ይሰነጥቀዋል፤ ልጡን ከእንጨቱ ያላቅቀዋል፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ደግሞ ከልጡ ሥር ነው። ልጥ የተላጠ ጉቶ ብዙ ጊዜ ይሞታል። ከቆረጣችሁ በኋላ ቅርንጫፍና ቅጠል በጉቶው ላይ አትከምሩበት፤ ከብትም አታስገቡ። ቀንበጡ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ከየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉትን አስቀርታችሁ ሌላውን አንሡ፤ የሚነሣው ራሱ በጥቂት ሳምንታት የሚደርቅ መልካም ማገዶ ነው።

የተጣለው ግንድ ከነልጡ ሳይፈለጥ ዓመት ቢተኛ የሚደርቀው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ውሃ በእንጨት ውስጥ የሚጓዘው በርዝመቱ እንጂ በጎኑ አይደለም፤ በርዝመቱ የሚጓዝበት ፍጥነት በጎኑ ከሚጓዝበት ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ልጡም ውሃውን አፍኖ ይይዛል። ግንዱን አሳጥሮ መቁረጥና መፍለጥ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ክንድ ያህል እያደረጋችሁ ቁረጡት፤ ልጡን ላጡ፤ በተቆረጠበት ሳምንት ፍለጡት። ባሕር ዛፍ ጭረቱ የተጠማዘዘ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ ምሳር አያስገባም፤ እርጥብ ሳለ ግን በሽብልቅ እንኳ ይከፈታል። መሐሉን ከመምታት ከዳር እየገመሱ መምጣት ይቀላል። ወፍራሙን ግንዲላ ለበኋላ ብሎ ያስቀመጠ ሰው በግንቦት ሁለት እጥፍ ጉልበት ይከፍልበታል።

የፍልጡ ውፍረት ደግሞ በሚነድበት ሥራ ይወሰናል፤ በዚህ ላይ እናቶች ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ምጣድ ሰፊና ፈጣን ነበልባል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለእንጀራ የሚሆነው ጣት ከሚያህለው ጭራሮ አንሥቶ ከእጅ አንጓ ያልበለጠ ፍልጥ ነው። ወጥና ንፍሮ ቀስ ብሎ የሚቆይ ፍም ስለሚፈልጉ ወፈር ያለው ለእነሱ ይሁን። ስትፈልጡ ሁለቱን ለየብቻ ከምሩ፤ ቀጭኑ ቶሎ ስለሚደርቅ አስቀድሞ መነሣት ይችላል። ወይራ፣ ግራርና አስታ በይዞታው ያለው ሰው የደረቀ ቅርንጫፋቸውን ለፍም ቢጠብቀው መልካም ነው፤ ወይራ እጅግ ጠጣር ስለሆነ ለመድረቅ ከባሕር ዛፍ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ጥድ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ነገር ግን ፍንጣሪው ሩቅ ይሄዳልና የሣር ክዳን ባለበት ቤት ጥንቃቄ ይሻል። ብሳና ደግሞ ቀላልና ጭሳም ነው፤ እኔ ብሆን ለጥላውና ለአፈሩ ብዬ አቆመዋለሁ እንጂ ለማገዶ አልቆርጠውም።

አደራደሩ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ ነው። እንጨት መሬት ላይ ሲከመር ከታች እርጥበት ይስባል፤ ምስጥ ባለበትም ምስጥ ይገባበታል። ሁለት ረጃጅም አጣናዎች በድንጋይ ላይ አጋድማችሁ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉና በዚያ ላይ ደርድሩ። የመጀመሪያውን ረድፍ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀጣዩን አቋርጣችሁ ብትደረድሩ ነፋስ በመካከል ያልፋል። በበጋ በሀገራችን ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ክምሩን ነፋሱ በሰፊ ጎኑ እንዲመታው አድርጋችሁ አቁሙት። ከቤት ግድግዳ ጋር አታጣብቁት፤ ከእህል ክምርና ከሣር ቤትም አርቁት። ክዳኑ ከላይ ብቻ ይሁን፤ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ወፈር ያለ ሣር ይበቃል፤ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። በላስቲክ ዙሪያውን የተጠቀለለ እንጨት ከራሱ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ ይሻግታል፤ ይህን ያየሁት በብዙ ግቢ ነው፤ ባለቤቱ ሁልጊዜም በቅን ልቡና፣ ከዝናብ ልጠብቀው ብሎ ያደረገው ነው።

በየካቲት ወይም በመጋቢት የበልግ ዝናብ ቢመጣ አትደንግጡ። በደረቀ እንጨት ላይ የወረደ ዝናብ ላዩን ያርሰዋል፤ ነፋስ ካገኘ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይደርቃል። ከእንጨቱ ሥጋ ውስጥ ለመውጣት ወራት የሚፈጀው ከዛፉ ጋር አብሮ የመጣው ውሃ ነው። በዚህ ደጋ የክንድ ውፍረት ያለው የተላጠና የተፈለጠ ባሕር ዛፍ፣ በደንብ ከተደረደረ፣ ከሦስት እስከ አምስት ባለው የበጋ ወራት ለማገዶ ይደርሳል።

መድረሱን ለማወቅ ከሁሉ የሚታመነው ሚዛን ነው። ከክምሩ መሐል ጥቂት ፍልጦች መርጣችሁ በከሰል ምልክት አድርጉባቸውና በገበያ ሚዛን መዝኗቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ ደግማችሁ መዝኑ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ እንጨቱ አየሩ የሚፈቅደውን ያህል ደርቋል። ሚዛን የሌለው ሰው በዓይንና በጆሮ ይለየዋል፦ የፍልጡ ጫፍ ወደ መሐሉ ይሰነጠቃል፤ የቀረ ልጥ ካለ በእጅ ይላቀቃል፤ ሁለት ፍልጥ ሲጋጭ የታፈነ ድምፅ መስጠቱ ቀርቶ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምድጃ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ላይ አረፋ የሚያወጣና የሚንጫጫ እንጨት ገና ነው፤ ወደ ክምሩ ይመለስ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ክረምቱን የሚያሻግረው እንጨት ከጣራ ሥር መግባት አለበት። ለዚህ የተለየ ቤት አያስፈልግም፤ ከግድግዳው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትቶ በሰፊ የጣራ ክፈፍ ሥር የተደረደረ እንጨት ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከአየሩ ትንሽ እርጥበት መልሶ ይስባል፤ ይህ የማይቀር ቢሆንም እሳቱን አያስቸግርም። የሁለት የሦስት ቀኑን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከምድጃው ራቅ ባለ ሙቀት ማቆየት፣ ወይም ቆጥ ባለበት ቤት ከእሳቱ በላይ ማኖር እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ልክ ናቸው። ብቻ ይህ ለመጨረሻው ጥቂት እርጥበት የሚሆን እንጂ የበጋውን ፀሐይ የሚተካ አይደለም።

አሁን ወደ ኩበቱ ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ ጥቅም ከምድጃው አልፎ እርሻችን ላይ የሚታየው በእሱ ነውና። የደረቀ እንጨት ባለመኖሩ ክረምቱን የምንገፋው በኩበት ነው። በደረቅ ኩበት ውስጥ የሰብል ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ከመቶ አንድ ተኩል ገደማ ይገኛል። በዓመት ሦስት ቶን ኩበት የሚያነድ ቤት እንበል፤ በእሳቱ ውስጥ 45 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ወደ ሰማይ ይሰዳል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በእርግጥ ፍግ ናይትሮጅኑን እንደ ዩሪያ ቶሎ አይሰጥም፤ ከፊሉም ይባክናል፤ ነገር ግን ዩሪያ የማይሰጠውን የአፈር ሥጋ ይሰጣል፤ አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። ማዳበሪያ በወረፋና በውድ ዋጋ በምንገዛበት ዘመን አንድ ኩንታል የሚያህል ሀብት እያነደድን መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል። በደረቀ እንጨት የተተካ እያንዳንዱ የኩበት ቅርጫት ወደ ማሳው ሊመለስ የሚችል ቅርጫት ነው።

የእንጨቱም አመድ አይጣል። ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው፤ ብዙውን ደጋችንን ያስቸገረውን የአፈር አሲዳማነትም ይቀንሳል። ከዩሪያ ጋር ግን አብራችሁ አትበትኑት፤ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል።

ስንት መሬት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ብለን እናስላ። አንድ ቤት በቀን 8 ኪሎ ደረቅ እንጨት ቢያነድ በዓመት ወደ 3 ቶን ይጠጋል፤ በባሕር ዛፍ ሲለካ 4 ሜትር ኩብ ያህል ነው። መካከለኛ በሆነ መሬት ላይ በሄክታር በዓመት 12 ሜትር ኩብ ቢያድግ፣ ሩብ ሄክታር 3 ሜትር ኩብ ይሰጣል። አንድ ሜትር ኩብ ጎደለ ማለት ነው። ይህችን ጉድለት ሌላ መሬት በባሕር ዛፍ በመሸፈን እንሙላት አልልም፤ ባሕር ዛፍ ወደ ማሳው ጠርዝና ወደ ምንጩ ሲጠጋ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል፤ ከማሳ ቢያንስ ከአሥር ሜትር በላይ ይራቅ፤ ከምንጭ ደግሞ ፈጽሞ ይራቅ። ጉድለቱ የሚሞላው በምድጃው ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ለምጣድ የሚሄደውን ማገዶ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ከየቤቱ ማገዶ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣድ ነው። እርጥብ እንጨት የተማገደበት ምርጥ ምድጃ ግን ያን ያህል አይቆጥብም፤ አንዳንድ እናቶች ምድጃው አልሠራልኝም ሲሉ ብዙ ጊዜ ያልሠራው እንጨቱ ነው።

ዛፋችሁን በየስድስት ዓመቱ የምትቆርጡ ከሆነ ቦታውን በድንጋይ ምልክት ለስድስት ክፈሉትና በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ቁረጡ። ያን ጊዜ አንዱ ክፍል ሲቆረጥ ሌላው ተከምሮ ይደርቃል፤ ያለፈው ዓመት ደግሞ ይነዳል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በይዞታ ደብተራችን ላይ የሰፈረው የመጠቀም መብት የእኛ ነው፤ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የግል ደንን ያውቃል። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛን የመሳሰሉ ሀገር በቀል ዛፎችን ግን በይዞታችሁ ላይ ቢሆኑም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ሳትጠይቁ ምሳር አታሳርፉባቸው፤ እንጨት ወደ ገበያ ማጓጓዝ ስታስቡም እንዲሁ ጠይቁ።

አስቸጋሪው የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ዘንድሮ የሚነደውም ለመጪው ዓመት የሚከመረውም ከአንድ ቦታ መውጣት አለበትና። ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ በዚህ ዓመት ከወትሮው የበለጠ ትቆርጣላችሁ። ሸክሙን ለማቅለል፣ እስከ ጥር የሚነደውን ከሚነሣው ቀጭን ቁጥቋጦ፣ ከወደቀው ቅርንጫፍና ከአሮጌ አጣና አውጡት፤ ቀጭን እንጨት ተላጦ ከስድስት እስከ ስምንት ባሉት ሳምንታት ስለሚደርስ በጥቅምት መጀመሪያ የተዘጋጀው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ይነሣል። ወፍራሙን ግንድ ሁሉ ግን ፈልጣችሁ ከምሩና እስከ ግንቦት ማንም እንዳይነካው አድርጉ። ሙሉ ዓመቱን መሸፈን ያቃተው ሰው የሐምሌንና የነሐሴን ብቻ ይሸፍን፤ ከሁሉ የከፉት ሁለት ወራት እነዚያ ናቸውና። የሚቀጥለው ዓመት የዚያን ያህል አይከብድም፤ በሦስተኛው ዓመት የምትቆርጡት እንደ ድሮው የአንድ ዓመት ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ስብሰባ በኋላ ለሚጀምሩ አባወራዎችና እማወራዎች አንድ ነገር አቀርባለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን በገበያ ቀን ክፍት ነው። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ፍልጦች በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ ከጥምቀት በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያም አንድ ጊዜ አምጥታችሁ አስመዝኑ፤ ክብደቱን በደብተር እንመዘግባለን። የተዳፋቱ ክምር ከሜዳው ክምር ጋር፣ የተላጠው ካልተላጠው ጋር እንዴት እንደሚወዳደር ከዚያ እናያለን። በሚያዝያ ውጤቱን የምታነቡልን በየቤቱ ምድጃውን የያዛችሁት እናቶች እንድትሆኑ እፈልጋለሁ፤ የክረምቱ እንጨት ከክምሩ ተነሥቶ ከጣራ ሥር የሚገባበትን ቀንም እናንተ ትቆርጣላችሁ።